ይዘህ ልትለቀው?

ሹፌር ነኝ። ወንዙ ጋ የደረስኩትም በሹፌርነቴ ነው።

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ቅዳሜ ጠዋት አባቴን አንድ ቦታ ታደርስልኛለህ? እኔ ሥራ እገባለሁ» አለኝ። ሁለታችንም አውሮራ ነው የምንኖረው፣ ዴንቨር ጥግ። ሐኪም ቤት መስሎኝ እሺ አልኩ። የእኔ ሥራ የሌሊት ነው፤ ከኤርፖርት ሰው ሳመላልስ አድሬ ሊነጋጋ ሲል ነው የምወጣው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በራቸው ስደርስ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ እስከ ደረት የሚደርስ የውሃ ሱሪ ክንዳቸው ላይ ጥለው፣ የካርታ ማስቀመጫ የሚመስል ረጅም ቱቦ ይዘው ቆመዋል።

«ሐኪም ቤት አይደለም እንዴ የምንሄደው?»

«እንደሱ ብትለውም ያው ነው» አሉኝና ገቡ።

ጋሼ እላቸዋለሁ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ቢያዩት አይወዱም። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ጎባ አስተማሪ ነበሩ። አብሯቸው የሚያስተምር አንድ የፒስ ኮር (የሰላም ጓድ) በጎ ፈቃደኛ አሜሪካዊ ነበር። እሁድ እሁድ ወደ ዲንሾ ይዟቸው እየሄደ ወይብ ወንዝ ላይ ዓሣ ማጥመድ ያስተማራቸው እሱ ነው። የባሌ ወንዞች ውስጥ ትራውት የሚሉት ዓሣ እንዳለ እኔ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። አለ። ከኬንያ አምጥተው በወይብና በዳንካ የለቀቁት ነው። ወደ ኬንያ ደግሞ ያመጡት እንግሊዞች ናቸው። ጋሼ ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ ልጆቻቸው ኮሎራዶ ሲያመጧቸው፣ ሌላው አዛውንት በአገር ናፍቆት ሲብሰለሰል፣ እሳቸው በመጀመሪያው ወር የጠየቁት «እዚህ ትራውቱ የት ነው?» ብለው ነው። ችግሩ መኪና አይነዱም። ልጆቹ ደግሞ ሥራ አላቸው። እንግዲህ እኔ የገባሁት በዚህ በኩል ነው።

መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ዴከርስ የምትባል ጥቂት ቤቶች ያሏት መንደር ከመድረስዎ በፊት የመኪና ማቆሚያ አለ። ከዚያ በእግር ነው፤ ጥድ ጥዱን ይዘው ወደ ቺዝማን ሸለቆ ይወርዳሉ። ከታች ሳውዝ ፕላት ወንዝ ይፈሳል። እኔ ግን ያን ቀን አልወረድኩም። ወንበሬን ለጥጬ ተኛሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቼ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ስነቃ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ መኪናዋ ምጣድ ሆናለች። ሽማግሌው አልተመለሱም። ስልክ ልደውል ብል ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። የሰው አባት አምጥቼ ወንዝ አስበላሁ ብዬ በድንጋጤ ቁልቁል ሮጥኩ። ወንዙ ዳር ስደርስ አየኋቸው። ቤት የሚያካክሉ ቀላ ያሉ ዓለቶች መሐል፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ዝም ብለው ቆመዋል። አይንቀሳቀሱም። ልጠራቸው አፌን ስከፍት ክንዳቸው ብድግ አለች። ክሩ ወደ ኋላ ተዘረጋ፣ ቆም አለ፣ ወደ ፊት ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ዘንጉ ደጋን ሆነ።

ዓሣው ቡናማ ነበር፤ ጎኑ ላይ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ክንድ ያክላል። ጋሼ እጃቸውን ውሃ ነክረው ከሥሩ ደገፉት፣ መንጠቆውን በሁለት ጣት ነቀሉለት። ከዚያ ፊቱን ወደ ሽቅብ ውሃ አዙረው ይዘው ቆዩ። ለመግደል የሚያመቻቹት መስሎኝ ቢላ ልፈልግላቸው ዞር ዞር አልኩ። ለቀቁት። ሄደ።

«አመለጠዎት!» ብዬ ጮህኩ።

«አላመለጠም። አሰናበትኩት።»

ማታ ሐዋሳ ደወልኩና ለእማዬ ነገርኳት። ፍልሰታ ነበር። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ቤት አልቋል፤ እማዬ በፍልሰታ አትበላም። ቢሆንም ታሪኩ አልተዋጠላትም። «ስንት ሰዓት ነድተህ፣ ሦስት ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆመው፣ ያዙት... ከዚያ ለቀቁት?»

«አዎ።»

«ለምን ያዙት ታዲያ?»

ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ኖራለች። በኋላ ላይ «ያዙት» ቀርቶ «ያዝከው» ሆነ እንጂ ጥያቄው አልተቀየረም።

መቼም ሐዋሳ ላደገ ሰው ዓሣ ምግብ ነው። አሞራ ገደል ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ቆሮሶው በክምር ይወርዳል። ልጆች ቁጭ ብለው በፍጥነት ይበልቱታል፣ አባ ኮዳዎቹ ወፎች አጠገባቸው ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ጥሬውን በዳጣ የሚበላም አለ። እኛም በልጅነታችን በሸምበቆ ጫፍ ክር አስረን፣ ትል ሰክተን ሐይቁ ዳር እንቀመጥ ነበር። የያዝነውን ይዘን ቤት ገባን። አምባዛ ከሆነ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያየን ረጅሙን መንገድ ነበር የምንመርጠው። መልቀቅ የሚባል ነገር አልነበረም።

ቺዝማን ሸለቆ ውስጥ ግን የያዙትን መልቀቅ ሕግ ነው። ከ1976 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተያዘ ዓሣ ሁሉ ተመልሶ ውሃ ይገባል። ትል መስካትም አይቻልም። የሚፈቀደው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ብቻ ነው። ትራውቱ ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ነው ነገሩ። አንዱ ዓሣ በአንድ በጋ ውስጥ ስንቴ እንደሚያዝ አስቡት። እየተያዘ እየተለቀቀ ደግሞ ይማራል። ለዚህ ነው በእነዚያ ጥልቅ ቦታዎች ያሉት ዓሦች ከእኔ የበለጠ ትምህርት አላቸው የምለው።

«በጋ» ብያለሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ነሐሴን በጋ ብሎ መጥራት ምላሴ እስከ ዛሬ አለመደም። ነሐሴ ክረምት ነው። ጭጋግ ነው፣ ጭቃ ነው፣ የበቆሎ እሸት ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን «ክረምት» ስንላቸው በረዶ ነው የሚታያቸው። አንድ ቀን ጋሼን ወይብ በነሐሴ እንዴት ነው አልኳቸው። «ማን ይጠጋዋል? ደፍርሶ የገብስ ጠላ መስሎ ነው የሚወርደው» አሉኝ። ኮሎራዶ ግን ተቃራኒ ነው። የተራራው በረዶ በግንቦትና በሰኔ ቀልጦ ወንዙን ይሞላዋል። ነሐሴ ሲገባ ያ ሁሉ አልፏል። ውሃው ይጎድላል፣ ይጠራል፣ ከታች ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ለተመልካች ቆንጆ ነው፤ ለአጥማጅ ግን ፈተና። አንተ ዓሣውን ታየዋለህ፣ እሱም ያይሃል። ጥላህ ውሃ ላይ ካረፈ አለቀ። ትራውት ፊቱን ወደ ሽቅብ ውሃ አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ምግቡ ከላይ እየተንሳፈፈ ይመጣለታል፣ እሱ አፉን መክፈት ብቻ ነው ሥራው። ስለዚህ ከኋላው፣ ጎንበስ ብለህ፣ ድንጋይ ሳታንኳኳ ነው የምትቀርበው። ጋሼ በሰባ ዓመታቸው ድንጋይ ተደግፈው ሲድሁ ሳይ ሳቄን መያዝ ያቅተኝ ነበር። እሳቸው ይይዛሉ፣ እኔ ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። በኋላ እኔም ዳህኩ።

በዚያ ወር ጠዋት ጠዋት የሚሆነውን ነገር ሳላይ ብቀር ይቆጨኝ ነበር። ትራይኮ የምትባል ኢምንት ነፍሳት አለች። ቁመቷ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። ዕድሜዋን በሙሉ ወንዙ ወለል ላይ ታሳልፍና በነሐሴ ክንፍ አውጥታ ትወጣለች። ፀሐይ ሸለቆው ውስጥ ስትገባ ከውሃው በላይ እንደ ጭስ ደመና ሠርተው ይዋለላሉ፤ ሠርጋቸው ነው። ወንዶቹ ጥቁር ናቸው፣ ሴቶቹ አረንጓዴ ቢጤ። ክንፍ ካወጡ በኋላ አይበሉም፤ የሚበሉበት አፍ የላቸውም። (ይህን ለእማዬ ስነግራት «እነሱም ይጾማሉ በለኛ» አለችኝ።) ሁለት ወይ ሦስት ሰዓት ላይ ተዳብለው፣ እንቁላል ጥለው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ሞተው ውሃው ላይ ይረግፋሉ። ያኔ ዓሦቹ ይነሣሉ። ሆዳቸው እስኪሞላ ከውሃው ገጽ ላይ ቀስ እያሉ ይለቅማሉ። አይዘሉም፣ አይረጩም። አፍንጫ ብቻ ብቅ ይላል፣ ክብ ሞገድ ትሠራለች፣ ትጠፋለች።

አንተም ያን ጊዜ መወርወር ያለብህ ያችን የምታክል ነገር ነው። መንጠቆው የሽንብራ ፍሬ ላይ ቢቀመጥ ቦታ ይተርፈዋል። ክሩ ጫፍ ላይ ውፍረቱ 0.13 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ንጋት ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ የመኪና መብራት ሲያይ ባደረ ዓይን፣ ይህን ክር በዚያ የመንጠቆ ቀዳዳ ማስገባት ቅጣት ነው። ጋሼ ያለ መነጽር አያዩም፣ እኔ ያለ እንቅልፍ። አንዳችን ለአንዳችን እያስገባን ነው የኖርነው።

ውርወራውን ለመማር አንድ ክረምት ወሰደብኝ። በጋ ማለቴ ነው። በሐይቅ ዳር ትል ስትወረውር ክብደቱ እርሳሱ ነው፤ እሱ ክሩን ይዞት ይሄዳል። የዝንብ ማጥመጃ ግን ክብደት የለውም፤ ዝንብ እንዲመስል መንጠቆ ላይ የተጠመጠመ ላባ ነው። ክብደት ያለው ክሩ ራሱ ነው። ክሩን ከኋላህ በአየር ላይ ሙሉ በሙሉ ዘርግተህ፣ እስኪዘረጋ ጠብቀህ፣ ከዚያ ወደ ፊት ትሰደዋለህ። መጠበቁ ነው ከባዱ። እኔ ቸኩዬ ስመልሰው ክሩ ጯ! ይላል፣ ጫፉ ላይ ያለችው ዝንብ ተበጥሳ ትበራለች። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ዝንብ ጨረስኩ። በአሥራ ሁለተኛው ጋሼ ዘወር አሉና

«አንተ ልጅ! ጅራፍ አይደለም! ጅራፍ ለቡሄ ነው!» አሉኝ።

ቀኑን ቆጥሬ ሳስበው ቡሄ ሊደርስ ሦስት ቀን ነበር የቀረው።

ዝንቧ ውሃ ላይ ካረፈች በኋላም ጣጣው አያልቅም። ወንዝ በየቦታው ፍጥነቱ ይለያያል። አንተና ዓሣው መካከል ፈጣን ውሃ ካለ ክሩን ይጎትተዋል፣ ክሩ ዝንቧን ይጎትታታል፣ ዝንቧ ከኋላዋ መስመር እየሠራች ትሮጣለች። ትራውቱ ይህን ሲያይ ወደ ጎን ፈቀቅ ይልና ያሳልፋታል። «ዝንብ ሞተር የላትም» ይላሉ ጋሼ። ስለዚህ ክሩን በዘንጉ ጫፍ ከፍ አድርገህ ወደ ሽቅብ ውሃ ትመልሰዋለህ፣ እንዲላላ። ያቺ ሁለት ሜትር ያህል መንገድ፣ ዝንቧ ከውሃው ጋር እኩል የምትሄድባት፣ የሥራው ሁሉ ፍሬ እሷ ናት። ፀሐይ ከበረታ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይቀላል፤ ዳር ዳር ያለው ሣር ደርቆ ፌንጣ ይሞላል። ነፋስ ሲነሣ ፌንጣው ውሃ ውስጥ ይወድቃል። የፌንጣ ቅርጽ ያለው ትልቅ ማጥመጃ ጧ አድርገህ ብትጥል እንኳ ዓሣው አይቀየምህም። እኔ በበኩሌ ፌንጣ ሰው ነኝ። ጋሼ ይህን እንደ ስንፍና ነው የሚያዩት።

ማጥመጃዋን ራሳቸው ነው የሚሠሩት፤ ኋላ እኔንም አስተማሩኝ። ዘንድሮ ድረስ በብዛት የምንጠቀምባት አዳምስ የምትባለዋ ናት። በ1922 ሚሺጋን ውስጥ የተሠራች ናት። ከሁለት አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ተጠምጥማ ነው የምትሠራው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ገብስማ። ገብስማ መሆኑን ያወቅኩት ላባውን ከፖስታው ውስጥ ሳወጣው ነው። ፈረንጆቹ ሌላ ስም ሰጥተውታል እንጂ ዓይኔ አልተሳሳተም፤ ለዕንቁጣጣሽ ገበያ አባቴ ብብቱ ሥር ሸጉጦት የሚመጣው ያው ገብስማ ነው። ደስ ብሎኝ ለእማዬ ደወልኩ።

«ገብስማ ምን ያደርግልሃል? ጠንቋይ ቤት ገባህ እንዴ?»

«ኧረ እማዬ፣ ላባው ነው።»

«ስንት ገዛኸው?»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። እውነቱን ነገርኳት። ጥሩ የአንገት ላባ ከነቆዳው ከ100 ዶላር በላይ ያወጣል። ረጅም ዝምታ ሆነ። «ሥጋውስ?» አለች በመጨረሻ። ሥጋው የለበትም። እዚሁ ኮሎራዶ፣ ዴልታ የምትባል ከተማ፣ ዋይቲንግ ፋርምስ የሚባል እርባታ አለ፤ ዶሮ የሚያረባው ለላባው ነው። በ2011 ሴቶች ይህንኑ ላባ ፀጉራቸው ላይ መሰካት ጀምረው የዓሣ ማጥመጃ ሱቆች ባዶ ቀርተው ነበር። ያኔ የነበሩ አጥማጆች ስለዚያ ዓመት ሲያወሩ ስለ ድርቅ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

ጋሼ ስለ ዓሦቹ ዘር ማውራት ይወዳሉ። አስተማሪነታቸው አልለቀቃቸውም። ቡናማው ትራውት አውሮፓዊ ነው፤ እንቁላሉ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የመጣው በ1883 ነው። ጎኑ ላይ ሐምራዊ ሰንበር ያለው፣ ቀስተ ደመና የሚሉት ደግሞ ከካሊፎርኒያ በኩል የመጣ ነው። የዚህ ወንዝ ባለ አገር ጀርባው አረንጓዴ የሆነው ትራውት ነበር። ማዕድንና ግድብ፣ የመጤ ዓሦች ሽሚያም ተጨምሮበት አለቀ። ንጹሕ ዘሩ በ2012 በዘረመል ጥናት ሲፈለግ የተገኘው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ በአንዲት ትንሽ ጅረት ውስጥ ብቻ ነው። እስካሁን የግዛቲቱ ምልክት ዓሣ እሱ ነው። «እዚህ ወንዝ ውስጥ ያለው ሁሉ በዲቪ የመጣ ነው» ይላሉ ጋሼ፣ እኔንም ራሳቸውንም በእጃቸው እያመለከቱ።

ወንዙም የራሱ ቁስል አለው። በሰኔ 2002 ሄይማን የሚሉት እሳት በዚያ አካባቢ ከ55 ሺህ ሄክታር በላይ አቃጠለ። ዛፉ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ዝናብ አሸዋና አመዱን ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ከተተው፤ ጥልቅ የነበረው ደለል ሞላው። ዛሬም በመንገዱ ላይ የቆሙ ጥቁር ግንዶች ይታያሉ። እኔ ከእሳቱ በፊት ያለውን ስላላየሁት ያለው ይበቃኛል።

አሁን ስለ ሙቀቱ ልናገር። ለእማዬ ጥያቄ ቀና ብዬ መመለስ ያቃተኝ ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ከቺዝማን ሸለቆ በላይ በ1905 የተጠናቀቀ የድንጋይ ግድብ አለ፤ ቁመቱ 67 ሜትር ያህል ነው። ከእንዲህ ያለ ጥልቅ ግድብ ሥር የሚለቀቅ ውሃ በነሐሴም ቀዝቃዛ ነው፤ እግርን ያደነዝዛል። እኔ የተማርኩት እዚያ ነው። ወንዝ ሁሉ እንደዚያ መሰለኝ። አንድ የነሐሴ መጨረሻ ጋሼ የጉልበት ቀዶ ሕክምና አድርገው ተኝተው ነበርና ብቻዬን ወጣሁ። ሩቅ ለመንዳት ስለሰነፍኩ ሞሪሰን ሄድኩ፣ ከቤቴ ግማሽ ሰዓት። ቤር ክሪክ ይባላል ጅረቱ፣ የድብ ጅረት እንደማለት። (ያ አገር በቀል ዓሣ የተገኘበትም ቤር ክሪክ ነው የሚባለው፤ ግን ሌላ ነው። እዚህ አገር የድብ ጅረት እንደ እኛ ጥቁር ውሃ ነው፤ በየሄድክበት አለ።) ሲያልብህ የሚውልበት ቀን ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በፌንጣ አንድ ቡናማ ያዝኩ። እኔ ብቻዬን ከያዝኳቸው ሁሉ ትልቁ ነው። ክሩ ቀጭን ስለነበር ረጅም ጊዜ ታገልን። ከዚያ ደግሞ ለጋሼ ላሳያቸው ብዬ ከውሃ አውጥቼ ፎቶ አነሣሁት። አንዴ አልጠራልኝም፣ ደገምኩት።

ስለቀው ዋኘ። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ፣ ውሃ ጠጣሁ። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ትንሽ ወረድ ብዬ ስመለከት ሁለት ድንጋይ መሐል ነጭ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተቀርቅሯል። ገብቼ አነሣሁት። እንደ ጋሼ ፊቱን ወደ ሽቅብ ውሃ አዙሬ ያዝኩት፣ ጠበቅሁ። ጉንጩ አልተንቀሳቀሰም። እጄ ላይ ለብ ይል ነበር።

ጋሼን ሄጄ ነገርኳቸው። ፎቶውን አላሳየኋቸውም። አልተቆጡም፤ አስተማሪ ሲያዝን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ውሃው ስንት ነበር?» አሉኝ። አልለካሁም። ትራውት የቅዝቃዜ ዓሣ ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ዓሣው በቁሙ እያለከለከ ነው፤ በዚያ ላይ አታግለኸው ብትለቀው እንኳ፣ ዋኝቶ ሲሄድ ብታየው እንኳ፣ ሄዶ ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው የኮሎራዶ ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በሙቀት ወራት ከእኩለ ቀን በፊት ጨርሳችሁ ውጡ እያለ የሚለምነው። ማስታወቂያው ሞሪሰንም ተለጥፎ ነበር። አልፌው ነው የገባሁት።

ለእማዬም ነገርኳት። ልደብቃት ነበር፣ አልቻልኩም።

«ሞተ?»

«ሞተ።»

«በላኸው?»

«አልበላሁትም። እዚያው ተውኩት።»

«እኔ እኮ የምለው ይኼን ነው» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ወሬውን ወደ ጎረቤት ሠርግ አዞረችው።

ይዞ መልቀቅን እንደ ጽድቅ የሚያወሩ ሰዎች አሉ። ዓሣውን ስመው ፎቶ ተነሥተው ይለጥፋሉ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አይዋጥልኝም። ዓሣው መንጠቆ አፉ ውስጥ ገብቶበታል፣ ለነፍሱ ታግሏል፤ እኛ ደስ ብሎናል። ይኸው ነው። የመንጠቆውን ሾህ በፒንሳ እደፈጥጠዋለሁ፣ እጄን አርሳለሁ፣ ከውሃ አላወጣውም። ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ታዲያ ለምን አልተውክም ብትሉኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሻንጣ ሲያነሣ ያደረ ሰው ንጋት ላይ ያንን አፍንጫ ከውሃ ብቅ ሲል ካየ በኋላ ምን እንደሚሆን አላስረዳችሁም። አንዴ ኑና እዩት።

ጋሼ ጉልበታቸው ከተሠራ ወዲህ ሸለቆ አይወርዱም። አሁን የምንሄደው ሞሪሰን ነው፤ ታጣፊ ወንበር ዘርግቼላቸው ዳር ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ሆነው ያዝዙኛል። ቀጭን የውሃ ቴርሞሜትር በክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ከዘንጉ በፊት ውሃ የምትነካው እሷ ናት። የእሳቸው ሕግ ነው።

ባለፈው የነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ አርፍደን ደረስን። እኔ ነኝ ያስረፈድኩት፤ የመጨረሻው ደንበኛዬ በረራው ዘግይቶ ነው። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ድልድዩ ሥር ጥላ ያለበት ጥልቅ ቦታ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ዓሦቹ እዚያ ተሰልፈዋል፤ ደህና ደህና ናቸው። እጄ ቱቦውን መክፈት ጀመረ። ጋሼ ቴርሞሜትሯን ነከሩ። ቆዩ። አወጧት፣ ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አነበቡ።

«21።»

«ጥላ ውስጥ ናቸው እኮ ጋሼ። አንድ ብቻ...»

ዝም አሉኝ። ቱቦውን ዘጋሁት። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቴርሞስ ውስጥ ቡና ነበረ፣ ቀዳሁላቸው። ስልኬ ጠራ፤ ሞሪሰን ኔትወርክ አለ። እማዬ ናት። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት። ከበስተኋላዋ የሆነ ነገር ይንጫጫል፤ ዝናቡ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ።

«ወንዝ ነህ?»

«ወንዝ ነኝ። ጋሼም አሉ።»

«እንደምን አመሹ እህቴ» አሉ ጋሼ፣ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ እየቃጣቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ነዎት ወንድሜ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እባክዎ ይንገሩኝ፣ ይኼ ልጅ እውነት የያዘውን ሁሉ ይለቃል?»

«ይለቃል። ግማሹን እንኳ ሳይለቀው ነው የሚያመልጠው።»

ሳቀችብኝ። «ዛሬስ ስንት ያዝክ?»

«ዛሬ አንይዝም። ውሃው ሞቋል።»

«እኛ ጋ እንኳ ብርዱ...» አለችና ቆም አለች። «ታዲያ ቁጭ ብላችሁ ምን ትሠራላችሁ?»

«እያየናቸው ነው።»

ትነቅፈኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ስንት ናቸው?» አለች።

ጎንበስ አልኩ። ጋሼም ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አብረውኝ ቆጠሩ።

«ሰባት» አልኳት። ከድልድዩ ምሰሶ ሥር አንድ ሌላ ቀስ ብሎ ወጣ። «ቆይ። ስምንት።»